«ጀልባው ትንሽ ነው፤ በራቭ ፎሬ ልጎትተው?»

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ጎረቤቴ 17 ጫማ የሆነ የአሉሚኒየም ጀልባውን ከነትሬለሩ በጥሩ ዋጋ ሊሸጥልኝ ነው። ሞተሩ ባለ 60 ፈረስ ጉልበት ነው። ሰመር ላይ ልጆቹን ይዤ ሌክ አና ለመሄድ አስቤያለሁ። ያለኝ የ2019 ቶዮታ ራቭ ፎር ኤክስኤልኢ ነው፣ ሃይብሪድ አይደለም። መመሪያው እስከ 1,500 ፓውንድ ይጎትታል ይላል። ሻጩ ደግሞ «ጀልባው 1,100 ፓውንድ ነው፣ ምንም አትሆንም» አለኝ። ባለቤቴ ግን ሰው ሳትጠይቅ አትግዛ ብላኛለች። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፦ ባለቤትህ ልክ ናት። ይህን ጀልባ በዚህ መኪና አትጎትት።

ሻጩ ላይዋሽህ ይችላል። 1,100 የተባለው ግን የባዶ ቀፎው ክብደት ሳይሆን አይቀርም። ፋብሪካ ይህን ቁጥር ሲጽፍ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩንም፣ ቤንዚኑንም፣ ትሬለሩንም አይቆጥርም። አንተ ሃይዌይ 95 ላይ የምትጎትተው ግን ሁሉንም ነው። እስቲ እንደምረው። 60 ፈረስ ጉልበት ያለው ባለአራት ምት ሞተር 250 ፓውንድ አካባቢ ይመዝናል። ትሬለሩን 500 እንበለው። ቤንዚን በጋሎን 6 ፓውንድ ገደማ ነው፤ 15 ጋሎን ከያዘ 90 ፓውንድ ሆነ። ባትሪው 50። መልህቅ፣ ገመድ፣ የሁላችሁም ላይፍ ጃኬት፣ የዓሣ ማጥመጃው፣ በረዶና መጠጥ የሞላው ኩለር ተደምሮ 150 ብንል አላጋነንም። ድምሩ 2,140 ፓውንድ መጣ። ከተፈቀደልህ 640 ፓውንድ አልፈሃል ማለት ነው።

«ኧረ ይጎትተዋል፣ እኔ ስጎትት ኖሬ የለም እንዴ» የሚልህ ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ መኪናው ይንቀሳቀሳል። ጣጣው የሚመጣው ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ ከፊትህ ያለው መኪና ሁሉ በድንገት ሲቆምና አንተ ፍሬን ስትይዝ ከኋላህ ያለው አንድ ቶን የሚጠጋ ጭነት ወደፊት ሲገፋህ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ሕጉ ትሬለሩ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው የሚያስገድደው ጠቅላላ ክብደቱ 3,000 ፓውንድ ሲደርስ ነው፣ የአንተ ደግሞ ከዚያ በታች ስለሆነ ምናልባት ፍሬን የለውም። ስለዚህ ሁለቱንም የሚያቆመው የራቭ ፎሩ ፍሬን ብቻ ነው። በዚያ ላይ ካምቢዮው አለ። ረጅም ዳገት ላይ ከአቅም በላይ ሲጎትት የካምቢዮ ዘይት ይግላል፣ የጋለ ዘይት ደግሞ ካምቢዮውን ይጨርሰዋል። ጥገናው ጀልባውን ከገዛህበት ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

አንድ ቤት ሁለት መኪና መኖሩ የተለመደ ነውና፣ ባለቤትህ የምትነዳው ቶዮታ ሲየና ከሆነ ነገሩ ይቀየራል። ሲየና በአግባቡ ሂች (ትሬለሩ የሚታሰርበት ብረት) ከተገጠመለት እስከ 3,500 ፓውንድ ይጎትታል። እሱም ቢሆን ሰው የሚረሳው ነገር አለበት። የሹፌሩን በር ክፈትና ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብበው። የሰውና የዕቃ ክብደት ተደምሮ ከዚህ አይለፍ የሚል ቁጥር አለው። የትሬለሩ አንገት ሂቹ ላይ የሚጥለው ክብደት ከዚያ ቁጥር ላይ ይቀነሳል። ለምሳሌ ወረቀቱ 1,200 ቢል፣ ስድስት ሰው በአማካይ 160 ፓውንድ ቢመዝን 960 አለቀ። የቀረህ 240 ነው። የትሬለሩ አንገት ብቻውን 215 እና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ሻንጣውን የት ልታደርገው ነው? አያቶችን ጨምሮ ሁሉም ሰው በአንድ መኪና ልሂድ ካለ፣ የተወሰነው ሰው በሌላ መኪና ይከተል።

ይህ የአንገት ክብደት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የትሬለርህ መመሪያ ሌላ ቁጥር ከሰጠ እሱን ተከተል። ጭነቱ ወደ ኋላ ያጋደለ አህያ እንደሚቸገረው ሁሉ፣ ዕቃው ወደ ጀልባው ጭራ ከበዛ ትሬለሩ 60 ማይል ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ያኔ ፍሬን አትርገጥ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝና እግርህን ከነዳጁ አንሳ። መለካቱ ቀላል ነው። የቤት የሰው ሚዛን ሜዳ ቦታ ላይ አስቀምጥ፣ ላዩ ላይ ጣውላ አድርግ፣ ትሬለሩ መኪናው ላይ ሲታሰር በሚኖረው ከፍታ አንገቱን ጣውላው ላይ አሳርፈው። ጎማዎቹ እንዳይንሸራተቱ መጀመሪያ ድንጋይ ወይም ሾጣጣ እንጨት ደግፍላቸው። ጠቅላላ ክብደቱን ደግሞ ሃይዌይ ዳር ያሉ የትልልቅ መኪና ማደያዎች ሚዛን ላይ ታስመዝናለህ። ክፍያው ትንሽ ነው፣ ከግምት ደግሞ ያወጣሃል።

ጎረቤትህን አንድ ነገር ጠይቀው፦ ከመግዛትህ በፊት ጀልባው ጭነቱን እንደያዘ በራሱ መኪና ጎትቶት አብራችሁ ታስመዝኑት። እምቢ ካለ እኔ ብሆን አልገዛም።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፈው። ሂች የገጠመልኝ ልጅ «ይሄ 3,500 ፓውንድ ይችላል» አለኝ። አሁን መኪናዬ 3,500 ይጎትታል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። 3,500 የሚችለው ብረቱ ነው፤ መኪናህ በመመሪያው ላይ ከተጻፈው በላይ አይጎትትም። መኪናው፣ ሂቹ፣ ትሬለሩ የሚቀመጥበት ኳስ፣ የትሬለሩ ጎማ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው፣ አንተ የምትይዘው ትንሹን ነው።

ኳሱን በደንብ እየው። መጠኑና የሚችለው ክብደት ላዩ ላይ ተቀርጿል። ትሬለሩ አንገት ጫፍ ላይ ያለው ባለ 2 ኢንች መያዣ 1⅞ ኢንች ኳስ ላይ ሲቀመጥ የተቆለፈ ይመስላል፣ ጉድጓድ ሲመታ ግን ተነቅሎ ሊወጣ ይችላል። ሰንሰለቶቹን ከአንገቱ ሥር አቆላልፋቸው፤ አንገቱ ቢነቀል አስፋልት ላይ ከመውደቅ ያድኑታል። የጎማውን ዕድሜም አትርሳ፣ ጎኑ ላይ ካሉት ፊደልና ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2314 ካለ በ2014 ዓመት 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ቀይረው።

ሐይቁ ጋ ስትደርስ ቶሎ ብለህ ውሃ ውስጥ አትክተተው። የትሬለሩ ጎማ ኩሽኔታ በመንገዱ ግሏል፣ ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ግራሶውም ይበላሻል። የጀልባውን ማሰሪያ እየፈታህ፣ ዕቃ እየጫንክ ጠብቀው። የመኪናህ ኃይል ያለው የፊት ጎማ ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ አልጌ የያዘው እርጥብ የጀልባ ማውጫ ዳገት ላይ ጀልባውን ስትስብ ሊንሸራተት ይችላል፣ ምክንያቱም ትሬለሩ የመኪናውን ኋላ ተጭኖ ፊቱን ያቀልለዋል። መኪናው ሲወጣ ከኋላው ማንም፣ በተለይ ሕፃን፣ እንዳይቆም አድርግ።