ባትሪው አዲስ ነው፣ መብራቶቹ ግን አልጠፉም

ጥያቄ፦ 2007 ሞዴል ቶዮታ ያሪስ አለኝ። ማታ የፊት መብራት አብርቼ ትራፊክ ውስጥ ስቆም የባትሪ ምልክት ያለበት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የኤቢኤስ እና የመሪ መብራት አብረውት በርተው መሪው ከበደኝ። ባትሪ ቀየርኩ፤ በሁለት ሳምንቱ ጠዋት አልነሳም አለ። በኮምፒውተር ያየልኝ ሰው የኤቢኤስና የመሪ ኮድ አውጥቶ «የመሪውን ኮምፒውተር መቀየር አለብህ» አለኝ። ልግዛ ወይ?

መልስ፦ አሁን አይግዙ። ያሪስ ላይ መሪውን የሚያቀልለው ኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ የዘይት ፓምፕ የለውም። መኪናው ቆሞ መሪው ሲጠመዘዝ ይህ ሞተር ከ30 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። ቮልቴጁ ከወረደ የመሪው ኮምፒውተር እገዛውን ያቋርጥና መብራቱን ያበራል፤ መሪው የከበደዎት በዚህ ሊሆን ይችላል። ኤቢኤሱም እንደዚያው ነው። ቶዮታ ላይ ሲ1241 የሚባለው ኮድ ለኤቢኤስ የሚደርሰው የባትሪ ቮልቴጅ ከልክ ወርዷል ወይም ከልክ አልፏል ማለት ነው። ከሞተሩ ኮምፒውተር ፒ0562 ከወጣም የሚናገረው ስለ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ነው። ስለዚህ ኮዱን ያነበበልዎትን ሰው ቁጥሮቹን ጠይቀው ይጻፏቸው፤ «የመሪ ኮድ ነው» የሚለው ብቻ ለምንም አይበቃም። የማይገናኙ የሚመስሉ መብራቶች በአንድ ጊዜ ሲበሩ መጀመሪያ የሚለካው ሁሉም የሚጋሩት ኤሌክትሪክ ነው።

የባትሪው መብራት ሥዕሉ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ እርስዎንም ባትሪ አስቀይሮዎታል። መብራቱ ባትሪው ደህና ይሁን አይሁን አያውቅም፣ የሚከታተለው ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ዲናሞ ነው። ቁልፉን ኦን ላይ ሲያደርጉ መብራቱ በአንድ በኩል ፖዘቲቭ ያገኛል፣ በሌላ በኩል ዲናሞው ውስጥ ያለው ቮልቴጅ የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ከማሳ (ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር ከተገናኘው የመኪናው ብረት) ጋር ያገናኘዋል፤ ስለዚህ ይበራል። ሞተሩ ተነስቶ ዲናሞው ማመንጨት ሲጀምር ሬጉሌተሩ መስመሩን ይለቀዋል፣ መብራቱም ይጠፋል። ብልጭ ድርግም የሚለው ዲናሞው አንዴ ሲያመነጭ አንዴ ሲያቋርጥ ነው። የእርስዎ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረግጡ ሞተሩ ሲሠራ)፣ ያውም የፊት መብራት ሲበራ ብቻ መሆኑ ወደ ሦስት ነገር ይጠቁማል፦ የሚንሸራተት ቺንጋ (ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ)፣ ያለቀ የዲናሞ ካርቦን (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው)፣ ወይም የላላ የገመድና የማሳ ግንኙነት። ሦስቱም ከመሪ ኮምፒውተር እጅግ በርካሽ የሚሠሩ ናቸው።

ከመለካትዎ በፊት አንድ ነገር ይዩ። ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ኦን ያድርጉ፤ የባትሪው መብራት ሊበራ ይገባል። ጭራሽ ካልበራ ዲናሞው ላይ የሚሰካው ትንሹ ሶኬት ወልቋል፣ ገመዱ ተቆርጧል፣ አለበለዚያ ፊውዙ ተቃጥሏል፤ ምርመራው ከዚያ ይጀምራል።

አሁን ወደ ልኬቱ። ተራ ዲጂታል ቴስተር ይበቃል፣ 20 ቮልት ዲሲ ላይ ያድርጉት። አዲሱ ባትሪ ሁለት ሳምንት ሙሉ በጎዶሎ ሲሠራ ስለቆየ መጀመሪያ በውጭ ቻርጀር ይሙሉት። 45 አምፔር ሰዓት ለሚይዝ ባትሪ ከ4 እስከ 5 አምፔር ተስማሚ ነው፣ ሌሊቱን ይደር። ከቻርጀር ነቅለው ሁለት ሦስት ሰዓት ካሳረፉት በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ ማንበብ አለበት። 12.4 ሩብ ያህል እንደጎደለው፣ 12.2 ግማሽ እንደሆነ፣ 12.0 ሊያልቅ እንደደረሰ ይነግርዎታል። ሞተሩ ሲነሳ ሌላ ሰው ቁልፉን ይዙር፣ እርስዎ ቁጥሩን ይመልከቱ፤ ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ሙሉ ተሞልቶም ከዚያ በታች ከወረደ ባትሪው አዲስ ቢሆንም ተጎድቷል፤ ዋስትና ካለው ይመልሱት።

ሞተሩ ተነስቶ በሚኒሞ ላይ፣ ምንም ሳይበራ፣ ባትሪው ጫፍ ላይ ከ13.8 እስከ 14.6 ይጠበቃል። ከዚያ የፊት መብራት፣ የአየር ማራገቢያውን በመጨረሻው ፍጥነት፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያውን አንድ ላይ ያብሩና ይመልከቱ። ከ13.2 በላይ ከቆመ ዲናሞው ሥራውን እየሠራ ነው። 12.4 ሆኖ ቀስ በቀስ እየወረደ ከሄደ እያመነጨ አይደለም። በሚኒሞ ወርዶ ነዳጅ ሲሰጡት፣ 2,000 ዙር አካባቢ፣ ወደ 14 የሚመለስ ከሆነ ቺንጋውን ወይም ካርቦኑን ይጠርጥሩ። 15 ቮልት ካለፈ ግን ሬጉሌተሩ መቆጣጠር አቅቶታል፤ ባትሪውን አፍልቶ ኮምፒውተሮቹንም ሊጎዳ ስለሚችል እንዲያ ሆኖ አይነዳ። እዚያው እያሉ ቴስተሩን ወደ ኤሲ ቮልት ቀይረው ያንኑ ጫፍ ይለኩ፦ ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ዲናሞው ውስጥ ካሉት፣ ኤሲውን ወደ ዲሲ ከሚቀይሩት ዳዮዶች አንዱ ተበላሽቷል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምከለክለው ነገር አለ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ፈትቶ «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» ማለት በየጋራዡ የተለመደ ነው። ባትሪው ከመስመር ሲወጣ የዲናሞው ቮልቴጅ ለቅጽበት ከ40 በላይ ሊዘል ይችላል። የድሮ ናፍጣ መኪና ይህን ይችለው ይሆናል፤ የሞተር፣ የኤቢኤስ እና የመሪ ኮምፒውተር በተሸከመ መኪና ላይ ግን ደህናውን ዕቃ ማቃጠያ ነው። እንዲህ ሊሞክርልዎ የተነሳ ባለሙያ ካለ ያስቁሙት።

ዲናሞው ራሱ ደህና ሆኖ ኃይሉ መንገድ ላይ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ይህን ደግሞ ብዙ ሰው አይለካም። ሞተሩ እየሠራ፣ ጭነቱ ሁሉ በርቶ፣ የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ምሰሶ ላይ ያድርጉ፤ ማሰሪያው ላይ ሳይሆን በራሱ በእርሳሱ ምሰሶ ላይ። ቀዩን በዲናሞው ቅርፊት ላይ ይጫኑ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበበ ማሳው እየበላ ነው። በፖዘቲቩም በኩል ከዲናሞው ወፍራም ገመድ ጫፍ እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ ምሰሶ ይለኩ፤ 0.3 ካለፈ ገመዱ፣ ትልቁ ፊውዝ ወይም ማሰሪያው ችግር አለበት። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ዲናሞው 14.2 እያመነጨ ባትሪው 13.1 ብቻ የሚያገኘው እንዲህ እዚህም እዚያም እየተሸራረፈ ነው።

የማሳውን ገመድ በዓይን ብቻ አይመኑ። ከባትሪው ኔጋቲቭ ተነስቶ ወደ ቦዲውና ወደ ማርሽ ሳጥኑ የሚሄደው ገመድ ከላይ ጥቁር ላስቲኩ ደህና መስሎ፣ ብሎኑ ሲፈታ ከሥሩ አረንጓዴ ዝገት የለበሰ መዳብ ይወጣል። ገመዱን ጠምዘዝ ሲያደርጉ ከውስጥ እንደ አሸዋ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ክሮቹ ተበልተዋል፣ ይቀየር። ካልተበላ ግን ኔጋቲቩን ከባትሪው አስቀድመው ይፍቱ፣ የሚገናኙትን ሁለቱን ገጾች ነጭ ብረት እስኪያበሩ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉ፣ አጥብቀው ይሰሩና ከዚያ በኋላ ከላይ ግሪስ ይቀቡ። ግሪሱ የሚቀባው ከጠበቀ በኋላ ነው። የባትሪ ምሰሶው ላይ ያለው ነጭ ዱቄት በሞቀ ውኃና ቤኪንግ ሶዳ ይታጠባል፣ ዓይንዎን ይጠብቁ። ሲመልሱ ፖዘቲቭ ይቅደም፣ ኔጋቲቭ ይከተል።

ቺንጋውን ሞተሩ ጠፍቶ ይመልከቱ። የጎኑ ጥርሶች ከተሰነጣጠቁ ወይም ገጹ እንደ መስታወት ካበራ አልቋል። በሁለቱ ፑሊዎች መካከል በአውራ ጣት ሲጫኑት ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙ ከገባ ላልቷል። ጠዋት ሲነሳ ወይም በክረምት ውኃ ሲረጨው የሚጮህ ከሆነ መንሸራተቱን ራሱ ነግሮዎታል። ሲያጠብቁት ግን ከልክ አያሳልፉ፤ የተወጠረ ቺንጋ የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላል።

ቺንጋውም ማሳውም ደህና ከሆነ የቀረው ዲናሞውን አውርዶ ካርቦኑን ማየት ነው። አዲስ ካርቦን ከማቀፊያው 10 ሚሊ ሜትር ያህል ይወጣል፤ 5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከደረሰ ስፕሪንጉ በበቂ አይጫነውም፣ በሚኒሞ ይዘላል፣ መብራቱም ብልጭ ድርግም ይላል። ካርቦኑ የሚነካቸው ሁለት የመዳብ ቀለበቶች ላይ ጥልቅ ቦይ ካለ ካርቦን መቀየር ብቻ ብዙ አያቆይም። ሮተሩን (የሚዞረውን ክፍል) በቀለበቶቹ መካከል በኦም ይለኩ፣ ከ2 እስከ 3 ኦም አካባቢ ይጠበቃል፤ በቀለበቱና በብረቱ መካከል ደግሞ ምንም ንባብ መኖር የለበትም። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ዲናሞ ለመግዛት ካሰቡ የአምፔሩን ቁጥርና የትንሹን ሶኬት የፒን ብዛት ከራስዎ ጋር ያመሳክሩ፣ ፑሊውን በእጅዎ አዙረው ኩሽኔታው እንዳይንኳኳ ያዳምጡ። ላቫጆ ላይ ሞተር በከፍተኛ ግፊት ሲታጠብ ዲናሞው በላስቲክ ይሸፈን፤ ውኃና ሳሙና ከካርቦኑ ብናኝ ጋር ተቀላቅሎ ውስጡን ያበላሻል።

ጠዋት አልነሳም ያለው ባትሪው ሳይሞላ ስላደረ ብቻ ሊሆን ይችላል። ዲናሞው ተስተካክሎም ቆሞ ካደረ በኋላ ከደገመ ግን የሚፈስ ኤሌክትሪክ ይፈለጋል። ተቆልፎ የቆመ መኪና 50 ሚሊ አምፔር ድረስ ቢስብ ችግር የለውም። ግማሽ አምፔር የሚስብ ከሆነ ግን የ45 አምፔር ሰዓት ባትሪን በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ኮፈኑን ከፍተው፣ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ መኪናው የተዘጋ እንዲመስለው የበሩን መቆለፊያ በስክሩድራይቨር ዘግተው፣ መኪናውን ቆልፈው 30 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ ነው። ከዚያ ፊውዝ ሳይነቅሉ ቴስተሩን ሚሊ ቮልት ላይ አድርገው በእያንዳንዱ ፊውዝ ጀርባ ያሉትን ሁለት የብረት ነጥቦች ይንኩ። ዜሮ ካልሆነ በዚያ ፊውዝ ኤሌክትሪክ እያለፈ ነው። ፊውዝ እየነቀሉ መፈለግ የተኛውን ኮምፒውተር እየቀሰቀሰ ያሳስታል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን በኋላ የተጨመሩትን ይዩ፦ አላርም፣ ጂፒኤስ፣ ቴፕ። ብዙ ጊዜ ቀጥታ ከባትሪ፣ ያለ ፊውዝ የተሳቡ ናቸው፤ ያ ደግሞ ባትሪ ከመጨረስ አልፎ መኪና ያቃጥላል።

ቮልቴጁ ከተስተካከለ በኋላ ኮዶቹ በሙሉ ይጥፉና ሁለት ሦስት ቀን ነድተው እንደገና ይነበቡ። የመሪው ኮድ በ14 ቮልት ላይ ተመልሶ ከመጣ ያን ጊዜ የመሪውን ሶኬትና ማሳ አስፈትሸው ስለ ኮምፒውተሩ መነጋገር ይቻላል።

እስከዚያው ማታ ቀዩ መብራት በርቶ ከቀረ ሞተሩን አያጥፉ፤ መልሶ ላይነሳ ይችላል። ማራገቢያ፣ ኤሲ፣ ቴፕና የስልክ ቻርጀር ያጥፉ፣ የፊት መብራቱን ግን አያጥፉ። ሁለቱ የፊት አምፖሎች ብቻቸውን 9 አምፔር አካባቢ ይስባሉ፣ የነዳጅ ፓምፑና ሞተሩም የየራሳቸውን ይወስዳሉ፤ ስለዚህ ግማሽ ሰዓት እንኳ ላይቆይ ይችላል። መሪው ሊከብድ እንደሚችል አስበው በቀስታ፣ ቀኝ መስመር ይዘው ወደ ቅርብ ጋራዥ ወይም መብራት ወዳለበት ማቆሚያ ይሂዱ። ከባትሪው መብራት ጋር የሙቀት ቀዩ አብሮ ከበራ ግን ቺንጋው ተበጥሶ የውኃ ፓምፑም ቆሟል ማለት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ።