በሜምኖን እግር ላይ የተቀረጹ ግጥሞች

ጥያቄ፦ በሮማ ቄሣሮች ዘመን በግሪክኛ ግጥም ከጻፉ ሴቶች መካከል ሥራዋ እስከ ዛሬ የቆየላት አለች? ካለች ማን እንደነበረች ብትገልጹልኝ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አለች፤ ዩሊያ ባልቢላ ትባላለች። ሥራዎቿ የቆዩት በብራና ሳይሆን በድንጋይ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 130 ንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን ከባለቤቱ ከሳቢና ጋር ግብፅን ሲጎበኝ ባልቢላም አብራ ነበረች። በዛሬዋ ሉክሶር አቅራቢያ የቆመው ግዙፍ ሐውልት የፈርዖን ሣልሳዊ አሜንሆቴፕ ቢሆንም፣ ግሪኮች ግን የንጋት ልጅና የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ነው በሚሉት፣ በትሮይ ጦርነት በወደቀው በሜምኖን ስም ይጠሩት ነበር። የላይኛው ክፍሉ በመሬት መንቀጥቀጥ ከፈረሰ በኋላ ጎህ ሲቀድ ድምፅ ያሰማ ስለነበር፣ ያንን ለመስማት ብዙ ሰው ይጎርፍ ነበር፤ ጳውሳንያስ የተባለው ጸሐፊ ድምፁን ከሚበጠስ የክራር ክር ጋር ያመሳስለዋል።

በመጀመሪያው ቀን ሐውልቱ ዝም አለ። ንጉሠ ነገሥት ፊት እንዲህ ያለ ዝምታ የሚያሳፍር ነበር፤ ባልቢላ ግን ሜምኖን ዝም ያለው የሳቢና ውበት ስለማረከውና ተመልሳ እንድትመጣ ስለፈለገ ነው ብላ ገጠመች፤ ቀጥላም የሰው ሚስት ይህን ያህል አቆይተሃልና ንጉሡ እንዳይቆጣህ ተናገር ስትል አስጠነቀቀችው፤ እርሱም ሃድሪያንን ፈርቶ ድምፁን አሰማ። ግጥሞቿን የቤተ መንግሥት ውዳሴ ብቻ አድርገው የሚያዩ ምሁራን አሉ፤ ውዳሴ መሆናቸው ባይካድም፣ አሳፋሪውን ዝምታ በጥቂት ስንኞች ወደ ፍቅር ታሪክ የለወጠችበት ብልሃት በእኔ እምነት የእውነተኛ ገጣሚ ነው። የጻፈችውም ከእርሷ ሰባት መቶ ዓመት አስቀድሞ ዝነኛዋ ግሪካዊት ገጣሚ ሳፎ በገጠመችበት፣ ኤዮልያ በሚባለው የጥንት ግሪክኛ ዘዬ ነው፤ ይህም ራሷን ከማን ተርታ ልታሰልፍ እንደፈለገች ያሳያል።

ማንነቷን በከፊል የምናውቀው ከራሷ ግጥም ነው። በሐውልቱ እግር ላይ ከተቀረጹት አራት ግጥሞቿ በአንዱ፣ ከነገሥታት ዘር መሆኗን ገልጻ ሁለቱን አያቶቿን ትጠቅሳለች፤ እነርሱም ጠቢቡ ባልቢሉስና በዛሬዋ ቱርክ የነበረችው የትንሿ የኮማጌኔ መንግሥት ንጉሥ አንቲዮኮስ ናቸው። ወንድሟ ፊሎፓፖስም በአቴንስ፣ ከአክሮፖሊስ ትይዩ ባለው ኮረብታ ላይ መታሰቢያ አለው።

ግጥሞቿን ለማንበብ ካሰቡ፣ ስለ ሳቢና ከተጻፈው ቢጀምሩ እመክራለሁ።