ዶልዱም የመለማመጃ ቢላዋ ይዞ ለንደን መግባት ያስጠይቃል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ለማርሻል አርት ሴሚናር ከአዲስ አበባ ለንደን ልትሄድ ነው። የአሉሚኒየም መለማመጃ ቢላዋህን መያዝ ፈልገሃል። «አፉ ዶልዱም ነው፣ ዳቦ እንኳ አይቆርጥም፤ ታዲያ ማን ምን ይለኛል?» ብለሃል። አስተያየት ከሰጡህ ብዙዎቹ «ሻንጣ ውስጥ ክተተውና ሂድ» ብለውሃል። ስለ በረራው ከሆነ ትክክል ናቸው። የሚያሳስበኝ ግን ከበረራው በኋላ ያለው ነው።

እኔ ራስን መከላከል አስተምራለሁ፤ ከተማሪዎቼ ጋርም ውጭ አገር እመላለሳለሁ። የበረራውን ጉዳይ ቶሎ ልጨርሰው። የእጅ ሻንጣህ ውስጥ እንዳትይዘው። በእንግሊዝም በአውሮፓ ኅብረትም ስለቱ ከ6 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ቢላዋ ካቢን አይገባም። አሜሪካ ደግሞ ከፕላስቲክና ጫፉ ክብ ከሆነ የገበታ ቢላዋ በቀር ሁሉንም ትከለክላለች። የጎማ ከሆነስ? ፈታሹ ስክሪኑ ላይ የሚያየው የቢላዋ ቅርጽ ነው፤ የመጨረሻው ውሳኔም የእሱ ነው። አንድ ተማሪዬ ትራንዚት ላይ የጎማ ቢላዋውን ተቀምቷል። በረራው ደርሶ ስለነበር ለክርክርም ጊዜ አላገኘም።

ስለዚህ በሚጫነው ሻንጣ ይሂድ። ጫፉን በወፍራም ጨርቅ ወይም በካርቶን ጠቅልለው። ከጓንትህ፣ ከጥርስ መከላከያህና ከልምምድ ልብስህ ጋር አንድ ላይ አድርገው። ሻንጣውን የሚከፍተው ሰው ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ቦሌ ተርሚናሉ በር ላይ ሻንጣ ሁሉ በኤክስሬይ ስለሚያልፍ «ክፈተው» ብትባል አይግረምህ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የእንግሊዝ ሕግ ቢላዋው ይቆርጣል ወይ ብሎ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የወንጀል ፍትሕ ሕግ፣ አንቀጽ 139፣ ያለ በቂ ምክንያት ስለት ያለው ነገር በሕዝብ ቦታ መያዝን ይከለክላል። ቅጣቱ እስከ 4 ዓመት እስራት ይደርሳል። ነፃ የሆነው የሚታጠፍ ሴንጢ ብቻ ነው፤ እሱም ስለቱ ከ3 ኢንች ካልበለጠ። «የእኔ እኮ አፍ የለውም» የሚለው ክርክር ደግሞ ተሞክሮ ወድቋል። በ2005 አንድ ሰው የተያዘበት የቅቤ መቀቢያ ቢላዋ እጀታ የለውም፣ አፉ አልተሳለም፣ ጫፉም ሹል አልነበረም። ከፍተኛው ፍርድ ቤት እሱም ቢሆን ስለት ያለው ዕቃ ነው አለ። የቅቤ ቢላዋ ከዚህ ካላመለጠ፣ ትክክለኛ ቢላዋ እንዲመስል ተብሎ የተሠራው ያንተ አሉሚኒየም እንዴት ያመልጣል?

ይህ ማለት ግን መያዝ በፍጹም አይቻልም ማለት አይደለም። «በቂ ምክንያት» የሚለው ሐረግ መውጫህ ነው። ወደ ልምምድ መሄድና ከልምምድ መመለስ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ማስረዳት ያለብህ ግን አንተ ነህ። የሴሚናሩን ግብዣ ወይም የክፍያ ደረሰኝ በስልክህም በወረቀትም ያዝ። ቢላዋው ተጠቅልሎ ቦርሳህ ግርጌ ይቀመጥ። ከሴሚናሩ ቀጥታ ወደ ማረፊያህ ሂድ። በመንገድህ ፒዛ ቤት፣ ፐብ፣ የዘመድ ቤት እያልክ ከዞርክ ምክንያትህ ይሳሳል። በማግስቱ ኦክስፎርድ ጎዳና ስትዞር ቦርሳህ ውስጥ ቢገኝ «ረስቼው ነው» ብዙም አያድንህም። ባቡር ጣቢያዎች ላይ ፖሊስ የብረት መፈተሻ በር ሊያቆም ይችላል። አንዳንድ አካባቢዎች ደግሞ ለተወሰነ ሰዓት ያለ ጥርጣሬም ሰው እንዲፈተሽ ይታዘዛል። ጥቁር ወጣት ከሆንክ ደግሞ ፖሊስ አስቁሞ የሚፈትሽህ ዕድል ከፍ ያለ ነው። ይህን የምልህ ላስፈራራህ አይደለም፣ የሚታወቅ ነገር ነው።

አስተያየት መስጫው ላይ ስለ ባሊሶንግ፣ እጀታው ለሁለት ስለሚከፈተው ቢላዋ፣ የጠየቀ ልጅም አለ። ለንደን ይዘኸው እንዳትሄድ። እንግሊዝ ውስጥ በስም የተከለከለ መሣሪያ ነው፤ ከ2021 ጀምሮ ቤት ውስጥ ማስቀመጥም ወንጀል ሆኗል። ሕጉ የገለጸው እጀታው መሐል ለመሐል ተከፍሎ ስለቱ እንደሚወጣ ነው፤ መሳል አለበት አላለም። የመለማመጃው ዓይነት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ስለሆነ ይለያል ብለህ ልትከራከር ትችል ይሆናል። እኔ ግን ያን ክርክር ከጉምሩክ ሠራተኛ ጋር አልጀምርም።

እስራኤል ላላችሁ ደግሞ፣ እዚያ ቢላዋን ሕጉ የሚተረጉመው መውጋት ወይም መቁረጥ የሚችል ስለት ያለው መሣሪያ ብሎ ነው። ስለዚህ አፉ ቢዶለዱምም ጫፉ ከሾለ ከቤት ውጭ መያዙ ሊያስጠይቅ ይችላል። ክራቭ ማጋ (የእስራኤሎቹን ራስን የመከላከል ስልት) የምትሠሩ ክብ ጫፍ ያለው ጎማ ይበቃችኋል። ጃፓንም የማይቆርጥ አስመስሎ የተሠራ የብረት ሰይፍ ያለ ምክንያት መያዝን ትከለክላለች።

ለአንተ ግን ምክሬ አሉሚኒየሙን ቤት ተወው ነው። ለሴሚናሩ አዘጋጆች ዛሬውኑ ኢሜይል ጻፍና መለማመጃ ቢላዋ ያውሱህ እንደሆነ ጠይቅ። ብዙ ጊዜ ለተሳታፊ የሚሆን አያጡም። ከሌላቸው ከጎማ የተሠራ፣ ቀለሙ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሰማያዊ የሆነ ሻንጣህ ውስጥ ጨምር፤ ደብዳቤያቸውንም አትርሳ።