ስለ ኢዲየም፦ አይኤልትስ ለምትፈተኑ ልጆቼ

ውድ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን ሙሉ እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ አይኤልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የሚወስዱ ልጆች ግን ዛሬም ከደጄ አይጠፉም። አንዱ ለማስተርስ ወደ ካናዳ፣ ሌላዋ ለነርስነት ወደ እንግሊዝ አገር ልትሄድ አስባ ትመጣለች። ብዙዎቹ ገና ሳይቀመጡ ስልካቸውን አውጥተው ከቴሌግራም ያወረዱትን የኢዲየም፣ ማለትም የእንግሊዝኛ ፈሊጣዊ አነጋገር፣ ዝርዝር ያሳዩኛል። «ጋሼ፣ ይሄን ብሸመድደው ባንድ 8 አላመጣም?» ነው ጥያቄው። ባንድ የሚባለው እስከ 9 የሚደርሰው የፈተናው ነጥብ ነው።

በመሸምደድ ብቻ አይመጣም። ያለ ቦታው ከገባ እንዲያውም ያስቀንሳል።

ወሬው ከየት እንደተነሳ ይገባኛል። የቃል ፈተናው መመዘኛ ስለ ቃላት ሀብት ሲናገር፣ ባንድ 7 የሚያገኝ ተፈታኝ ብዙም ያልተለመዱና ፈሊጣዊ የሆኑ ቃላትን እንደሚጠቀም ይገልጻል። ነገር ግን እዚያው የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ፣ የትኛውስ ለየትኛው አጋጣሚ እንደሚሆን ማወቅም ተጠቅሷል። ባንድ 8 ላይ በጥሩ ችሎታ፣ ባንድ 9 ላይ ደግሞ ሳይጨናነቁና ሳይሳሳቱ መጠቀም ይጠበቃል። ዝርዝሩን የሚያዘጋጁት ሰዎች «ፈሊጣዊ» የምትለዋን ብቻ ይዘው ሮጡ። በዚያ ላይ የቃላት ሀብት ከ4ቱ መመዘኛዎች አንዱ ብቻ ነው። አቀላጥፎና አያይዞ መናገር፣ ሰዋስው እና የድምፅ አወጣጥ እያንዳንዳቸው እኩል ነጥብ አላቸው። የሸመደዳችሁትን ለማስታወስ ጣራ ጣራ ስታዩ የምታጡት ከእነዚህ ነው።

አንዲት ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ። በልምምድ ላይ ስለምታደንቂው አረጋዊ ተናገሪ የሚል ካርድ ደረሳት፤ አያቷን መረጠች። ሰውየው ልጆቹን እንዴት እንዳስተማሩ፣ ሲቆጡ ድምፃቸውን እንኳ እንደማያነሱ በቀላል እንግሊዝኛ ስትተርክ እኔም ልቤ ተነካ። መጨረሻ ላይ ዐይኗ እንባ እንዳቀረረ «ሂ ኪክድ ዘ በኬት» ብላ አረፈችው። ዝርዝሩ ላይ «ሞተ» የሚል ፍቺ ብቻ ነበር የተጻፈው፤ ቀልድና ንቀት ያለበት መሆኑን ማን ይንገራት? አማርኛ የለመደ ፈረንጅ ለቅሶ ቤት ገብቶ «አባትዎ መቼ ተደፉ?» ቢል ምን ይሰማችኋል? ቃሉ አማርኛ ነው፣ ሰዋስውም አልተበላሸም፤ ግን ለቀስተኛው ሁሉ ይደነግጣል። «ፓስድ አወይ» (አረፉ) ብትል፣ «ዳይድ» (ሞቱ) ብትልም፣ ይበቃት ነበር።

«ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ»ስ? ቃል በቃል ድመትና ውሻ ይዘንባል፣ ፍቺው ግን ዶፍ ወረደ ነው። ዝርዝሩ ሁሉ የሚጀምረው በእሱ ነው፤ የዛሬ እንግሊዛዊ ግን ዝናቡ ሲወርድበት በአብዛኛው «ኢትስ ፖሪንግ» ብሎ ያልፋል። አሮጌ መሆኑ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ ከአፋችሁ ሲወጣ የተሸመደደ መሆኑ ያስታውቃል። ተራ በተራ ቀስ እያላችሁ ስታወሩ ቆይታችሁ፣ ኢዲየሙ ላይ ስትደርሱ ድንገት እንደ ጸሎት ታንበለብሉታላችሁ፤ ያለዚያም እያንዳንዱን ቃል እኩል እየረገጣችሁ ትናገሩታላችሁ። «ፒስ ኦፍ ኬክ» (በጣም ቀላል ነገር) ሲባል «ኦፍ» ጨርሶ የማትሰማ ያህል ትደክማለች፤ ክብደቱ ያለው «ኬክ» ላይ ነው። አማርኛችን «ዘ» የምትባል ነገር ስለሌለው «አንደር ዘ ዌዘር» (አሞኛል ለማለት) በእኛ አፍ «አንደር ዌዘር» ሆኖ ይቀራል። በጣም ተደሰትኩ በሚለው «ኦቨር ዘ ሙን» ላይ ደግሞ ደስታው በዝቶ ጨረቃዋን ወደ ብዙ ቁጥር የቀየረ ልጅ አጋጥሞኛል። ኢዲየም ደግሞ አንዲት ፊደል ሲጎድልበት ወይም ሲጨመርበት ይበላሻል።

ሌላው የማየው ነገር ከትምህርታችን የመጣ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ስለምንማር ቋንቋውን ያገኘነው ከመጽሐፍ ነው። ስለዚህ ስለ ሰፈራችሁ ስትጠየቁ «ፈርዘርሞር» (ከዚህም በተጨማሪ) እያላችሁ የጥናት ጽሑፍ የምታነቡ ትመስላላችሁ። በዚያ ላይ ኢዲየም ሲለጠፍበት ከሱፍ ጋር ነጠላ ጫማ ሆነ ማለት ነው። መጀመሪያ የንግግሩን እንግሊዝኛ አስተካክሉት።

የንግግሩ እንግሊዝኛ የቱ ነው ካላችሁ፣ በየቀኑ የምትሰሙት ነው። ፈሊጣዊ የሚባለው ድመትና ውሻ የሚዘንብበት ብቻ አይምሰላችሁ። ከእህቴ ጋር እንግባባለን ለማለት «ዊ ጌት ኦን ዌል»፣ ስኳር አለቀብን ለማለት «ዊ ራን አውት ኦፍ ሹገር»፣ ሳላስበው አካውንቲንግ ውስጥ ገባሁ ለማለት «አይ ኤንድድ አፕ ስተዲዪንግ አካውንቲንግ»። ኃይለኛ ዝናብ «ስትሮንግ» ሳይሆን «ሄቪ ሬይን» መሆኑን ማወቅም ከዚሁ ይቆጠራል። እነዚህን በቦታቸው የሚናገር ልጅ አንድም ጌጠኛ ኢዲየም ሳያነሳ ጥሩ ነጥብ ያገኛል።

ጌጠኛውን እምቢ አልልም። አንዱን ኢዲየም ከመያዛችሁ በፊት ግን ቢያንስ ከተለያዩ ሰዎች አፍ፣ ከቢቢሲ ቃለ ምልልስም ይሁን ከፖድካስት፣ ደጋግማችሁ ስሙት። ማን ለማን አለው? እየሳቀ ነው ወይስ ከልቡ? ደብተራችሁ ላይ ፍቺውን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ከነተናጋሪው ጻፉት። ከዚያ ስለ ራሳችሁ እውነት የሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩበት። እውነት የሆነ ነገር ካላገኛችሁለት ተዉት፤ በፈተናው ቀንም አይመጣላችሁም።

ከአማርኛ ቃል በቃል እየገለበጣችሁም አታምጡ። «ሆዴ ፈራ» በእንግሊዝኛ ሆድና ፍርሃት ብቻ ሆኖ ይቀራል። በቃል ፈተናው 3ኛ ክፍል፣ ሐሳባችሁን ዘርዘር አድርጋችሁ በምትወያዩበት ጊዜ ግን «በእኛ ቋንቋ እንዲህ የሚል አባባል አለ» ብላችሁ ተረቱን ጠቅሳችሁ በቀላል እንግሊዝኛ ብትፈቱት ደስ ይላል። ሐሳብን በሌላ ቃል ማስረዳት መቻል ራሱ ይመዘናል። ብቻ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ተረት አትጥቀሱ፤ ፈታኙ የሽምግልና አባል አይደለም።

የቃል ፈተናው በጠቅላላ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው። በ2ኛው ክፍል የምትናገሩበት ርዕስ የተጻፈበትን ካርድ ተቀብላችሁ 1 ደቂቃ መዘጋጃ ስትሰጡ፣ ወረቀትና እርሳስም ይሰጣችኋል። ብዙ ልጆች ያቺን ደቂቃ ሦስት አራት ኢዲየም በመጻፍ ይጨርሷታል፤ ከዚያ ለኢዲየሙ የሚሆን ታሪክ ሲፈልጉ ይንተባተባሉ። እናንተ የሰውየውን ሥራ፣ የቦታውን ስም፣ ያን ቀን የሆነውን ነገር በአጭር በአጭሩ ጫር ጫር አድርጉ። በአማርኛ ብትጽፉትም የሚከለክላችሁ የለም፤ ወረቀቱ አይታረምም።