መልስ፦ ከወረዳ ልጀምር ወይስ ከኤንጂኦ?
እህቴ፣ ጎንደር በሶሲዮሎጂ ተመርቀሽ «ድህነት ቅነሳ ላይ ለመሥራት መንግሥት፣ ኤንጂኦ ወይስ ለጋሽ ድርጅት?» ላልሽው፦ ደመወዙ ቢያንስም ከወረዳ ጀምሪ። ጸጥታው ከፈቀደ ሴፍቲኔት (ለምግብ እጥረት ለተጋለጡ ቤተሰቦች ገንዘብ ወይም እህል የሚሰጠው ፕሮግራም) ያለበትን ምረጪ፣ እንደ ምሥራቅ በለሳ ያለውን። የተጠቃሚ ልየታና የክፍያ ዝርዝር የሚለመደው እዚያ ነው። ዝርዝሩ ላይ «ኃይሉ»፣ መታወቂያው ላይ «ሀይሉ» ከሆነ ክፍያው ሊንጠለጠል ይችላል፤ ስም በጆሮሽ ሰምተሽ አትጻፊ፣ መታወቂያውን እያየሽ ሙዪ። የልየታው ውጤት ሕዝብ ፊት ካልተነበበ ደግሞ ቅሬታ ይከመርብሻል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ኤንጂኦ ስታመለክቺ ሲቪሽ ላይ «አስተባብሬአለሁ» ማለቱ ብዙ አይጠቅምም፤ ስንት ቀበሌ፣ ስንት ቤተሰብ እንደያዝሽ ጻፊ። በጀትም ልመጂ፦ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪን ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቧል፤ ወጪውን በትክክል ካልመደብሽ ፕሮፖዛልሽ ይመለሳል። ለጋሽ ድርጅቱ ይቆይ፤ ቦታው ጥቂት ነው፣ እሱም አብዛኛው አዲስ አበባ።