ከካርድ ክፍል ወይስ ከሕመምተኛው ደጅ? በሰሜን ሸዋ የጆሮ ቀዶ ሕክምናን ለማጥናት ላሰቡ የተሰጠ መልስ

ጥያቄውን ያቀረቡት እኅታችን በደብረ ብርሃን የሚሠሩ ጠቅላላ ሐኪም ናቸው። ሥር በሰደደ የጆሮ መግል ምክንያት የማስቶይድ (ከጆሮ ጀርባ ያለው አጥንት) ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሕሙማን ለማጥናት አስበው፣ የቆዩ ካርዶችን ቢመረምሩ ወይስ ከእንግዲህ የሚታከሙትን ቢከታተሉ እንደሚሻል ጠይቀዋል፤ እግረ መንገዳቸውንም የራስ ቅል ወለል፣ ማለትም አንጎል የሚያርፍበት አጥንት፣ ቀዶ ሕክምናን ማጥናት ከአካባቢያችን ዐቅም በላይ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ፈልገዋል። የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ሆኜ በዚሁ ዞን ሳክምና ሕሙማንን ለጥናት ስከታተል ካየሁት ተነሥቼ እመልሳለሁ።

ዶክተር፣ ከዘዴው በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ሊለኩት ያሰቡት ውጤት እስኪታይ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል፣ ሕመምተኛውስ እስከዚያ ድረስ ይገኛል ወይ? የተቀረው ሁሉ ከዚህ መልስ ይከተላል።

የጆሮ መግል ካለባቸው በአንዳንዶቹ የሚገኘውን ኮሌስቲያቶማን እንውሰድ። በመካከለኛው ጆሮ ውስጥ የተጠራቀመው ቆዳ አጥንት እየበላ ይሄዳል፤ ቀዶ ሐኪሙ አጽድቼዋለሁ ካለ በኋላ እንኳ በማይክሮስኮፕ ያልታየች ቅንጣት ልትቀርና ያለ ምንም ምልክት ቀስ በቀስ ልታድግ ትችላለች። በዚህ ምክንያት ስለ መመለሱ የሚናገር ጥናት ቢያንስ 5 ዓመት መከታተል ይጠበቅበታል። በ6 ወር ላይ «አልተመለሰም» ብሎ መደምደም በሐምሌ የታየውን ቡቃያ አዝመራ ነው ብሎ እንደ መመዝገብ ነው። ለዚሁ ተብሎ የሚነሣ ልዩ የኤምአርአይ ምስል 3 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነችን ቅሪት ሊያሳይ ይችላል፤ ሆኖም ከጊሼ ወይም ከጀማ ሸለቆ ዳር የመጣ ገበሬ ለዚያ ብሎ በየዓመቱ አዲስ አበባ ይወርዳል ብሎ ጥናት ማቀድ ራስን ማታለል ይመስለኛል።

ከክትትል የሚጠፉትም እንዲሁ በዕጣ አይጠፉም። ጆሮው የደረቀለት ሰው ቀጠሮውን ይተዋል፤ ሥራ አለበትና። ጆሮው ዳግም የመገለበት ደግሞ የመጓጓዣ ገንዘብ ሲያጣ፣ መንገድ ሲዘጋ ወይም በሕክምናው ተስፋ ሲቆርጥ ይቀራል። ስለሆነም ተመልሰው ከመጡት ብቻ የሚሰላው መቶኛ በሁለቱም አቅጣጫ ሊያሳስት ይችላል። የካፕላን ማየር ስሌት የሚባለው የስታቲስቲክስ ዘዴ እያንዳንዱ ሰው እስከታየበት ቀን ድረስ ያለውን ጊዜ ብቻ ስለሚቆጥር ያልመጣውን እንደዳነ ከመቁጠር ያድናል፤ ነገር ግን ሰዎቹ የጠፉበት ምክንያት ከሕመሙ ጋር የተያያዘ ከሆነ እርሱም መፍትሔ አይሆንም። መፍትሔው ሰውየውን ማግኘት ነው።

ለማግኘት ደግሞ አንድ ስልክ ቁጥር አይበቃም። የሕመምተኛው፣ የጎረቤቱና አዲስ አበባ ያለ ልጁ ወይም ዘመዱ ስልክ፣ የቀበሌውና የጎጡ ስም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም አድራሻ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይመዝገብ፤ ይህ ሁሉ በስምምነት ቅጹ ላይ ተገልጾ የሰውየው ፈቃድ ሲገኝ ነው። ቀጠሮ በኅዳርና በታኅሣሥ በአጨዳና በውቂያ መካከል አይሰጥ። በወረዳው የገበያ ቀን በጤና ጣቢያው ማየት ሆስፒታል ድረስ ከመጥራት የተሻለ ሰው ያመጣል። ስለ ጸበልም በግልጽ ይጠየቅ። ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ወደ ጻድቃኔ ማርያም የሚሄደው ታካሚያችን ብዙ ነው፤ ገና ባልዳነ ጆሮ ውስጥ ውኃ መግባቱ ደግሞ መግሉን ሊያስነሣ ስለሚችል ለጥናቱ የሚጠቅም መረጃ ነው። የሚቆጣ ሐኪም እውነቱን አይሰማም። በቫዝሊን የታሸ ጥጥ ጆሮው ላይ አድርጎ እንዲጠመቅ ሲነገረው ግን ሕመምተኛው ያደረገውን ሁሉ ያወራል።

አሁን ወደ ካርድ ክፍሉ። የቆዩ ካርዶች የማይጠቅሙ አይደሉም፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ሕመምተኛው በመጣበት ዕለት የታየውን ነው። ከጆሮ ጀርባ መግል ቋጥሮ፣ ፊቱ ወደ አንድ ወገን ተጣሞ፣ ማጅራት ገትር ወይም በአንጎል ውስጥ የተቋጠረ መግል ይዞ የመጣው ስንት ነው፣ ከየትኛው ወረዳ፣ ጆሮው መፍሰስ ከጀመረ ከስንት ዓመት በኋላ? እነዚህ ክትትል አይፈልጉም። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓና የጃፓን ማኅበራት የጋራ ደረጃ አሰጣጥም ለዚህ ይመቻል፤ ኮሌስቲያቶማን በአራት ደረጃ ሲከፍል ሦስተኛው ከራስ ቅል ውጭ፣ አራተኛው በራስ ቅል ውስጥ ችግር ያስከተለውን ይይዛል። የፊት ነርቭ ድካም በ1985 እ.ኤ.አ. በወጣው ባለ 6 እርከን የሃውስ ብራክማን መለኪያ ካልተጻፈ ግን «ፊቱ ተጣሟል» የሚለውን ብቻ ይዘው እርከን አይገምቱ።

በካርድ ላይ ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረኝ የቀን አጻጻፍ ነው። አንዱ ሐኪም በኢትዮጵያ፣ ሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር ይጽፋል፤ አንዳንዴም ሁለቱ በአንድ ካርድ ላይ ይገኛሉ። 12/4/2015 ተብሎ የተጻፈውን የታኅሣሥ 12 ቀን ኮምፒውተሩ ኤፕሪል 12 ብሎ ይቀበለዋል፤ ጳጉሜን 3 ቀን የተሠራውን ቀዶ ሕክምና ደግሞ ጨርሶ አይቀበልም። የሁለቱ አቆጣጠሮች ልዩነት እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት ስለሆነ፣ የተደባለቀ መዝገብ የክትትሉን ጊዜ በሙሉ ያበላሻል። በካርዱ ላይ ያለውን እንዳለ በአንድ ዓምድ፣ የአቆጣጠሩን ዓይነት በሁለተኛው፣ የተለወጠውን ቀን በሦስተኛው መመዝገብ ይበጃል። ካርዱ ጠፍቶበት አዲስ ቁጥር የተሰጠው ሰው እንደ ሁለት ሰው እንዳይቆጠርም ስም ከነአያት፣ ዕድሜ፣ ቀበሌና የታመመው ጆሮ አንድ ላይ ይመሳከሩ።

መስማትን ለመለካት ካሰቡ የአሜሪካ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሕክምና አካዳሚ በ1995 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ በ500፣ 1000፣ 2000 እና 3000 ኸርዝ ያለውን አማካይ ይጠይቃል፤ 3000 ካልተለካ የ2000 እና የ4000 አማካይ ይተካዋል፤ ውጤቱም ቢያንስ ከአንድ ዓመት በኋላ ይዘገባል። ድምፅ በማይከላከል ክፍል ውስጥ የሚለካ ከሆነ በተለይ በ500 ኸርዝ ያለው ቁጥር ከእውነቱ የባሰ ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ ከቀዶ ሕክምና በፊትም በኋላም በዚያው ክፍልና በዚያው መሣሪያ ይለካ።

የራስ ቅል ወለልን በተመለከተ፣ ቀዶ ሕክምናውን እኛ ባንሠራውም ጥናቱ ከዐቅማችን በላይ ነው አልልም። እንዲያውም አንዳንዱ ውጤት ከኮሌስቲያቶማ ይልቅ ፈጥኖ ይታያል። በአፍንጫ በኩል ዕጢ ከወጣ በኋላ የአንጎል ውኃ መፍሰስ በአብዛኛው በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይለያል። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ የፒትስበርግ ጥናት 170 ሕሙማንን በዕጣ ከፍሎ፣ ከወገብ ውኃ የሚያፈስ ቱቦ የገባላቸው 8.2 በመቶ፣ ያልገባላቸው 21.2 በመቶ እንደፈሰሳቸው ያሳየው ለዚህ ነው፤ ጥያቄው ጠባብ፣ መልሱም ቅርብ ነበር። ከእኛ ዞን ለፒቱታሪ (ከአንጎል ሥር ያለች ሆርሞን አመንጪ አካል) ዕጢ አዲስ አበባ ተልከው የሚመለሱ ሕሙማን ደግሞ ቤታቸው ከገቡ በኋላ፣ በአብዛኛው ከቀዶ ሕክምናው ከ4ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ በደማቸው ያለው ሶዲየም ሊወርድ ይችላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መደናገር ይዞት የሚመጣው ወደ እርስዎ ነው። ከቀዶ ሐኪሞቹ ጋር ተስማምቶ በ7ኛው ቀን ገደማ ሶዲየምን በደብረ ብርሃን መለካትና መመዝገብ ለታካሚውም ለጥናቱም ይጠቅማል።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ውስብስብ ችግር ይዘው የመጡትን ከካርድ አጠናለሁ፤ ጎን ለጎንም ከዛሬ ጀምሮ የሚሠሩትን መዝግቤ ጆሮው በ6 ወርና በ1 ዓመት ደርቆ መገኘቱን ብቻ እከታተላለሁ፤ ስለ ኮሌስቲያቶማ መመለስ ምንም አልጽፍም። ለሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴው በሚያስገቡት ፕሮፖዛል ላይ የሕመምተኛው የደርሶ መልስ ትራንስፖርት በበጀት ይያዝ። ማንበብ ለማይችል ሰው ቅጹ በምስክር ፊት እንደሚነበብና በጣት አሻራ እንደሚፈርምም ይጠቀስ፤ ይህ ካልተጻፈ ፕሮፖዛሉ ተመልሶ ይመጣል፣ ክረምቱም ይገባብዎታል።