የሱሉልታዋ በግ እና የሴሎች መልእክት

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ሱሉልታ ሲሆን ጥቂት በጎች አረባለሁ። በቅርቡ አንዲት በጌ አፍንጫ የሌለው፣ ግንባሩ መሃል አንድ ዓይን ብቻ ያለው ግልገል ወለደች፤ ወዲያውም ሞተ። ጎረቤቶቼ «ቁጣ ነው» አሉ፤ ነፍሰ ጡር እህቴም ስላየችው እንቅልፍ አጥታለች። የሕክምና ተማሪው ልጄ ደግሞ ነገሩ ከካንሰር ጋር ይዛመዳል ይለኛል። እንዴት ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ እህትዎ ይረጋጉ፤ ግልገሉን በማየት ጽንስ አይጎዳም። ልጅዎም እውነቱን ነው።

ጽንስ ሲያድግ ሴሎቹ ምን መሆን እንዳለባቸው የሚያውቁት እርስ በርስ በሚላላኩት ኬሚካላዊ መልእክት ነው። ከመልእክቶቹ አንዱ ሄጅሆግ፣ ማለትም ጃርት ይባላል፤ ዘረመሉ የተበላሸባቸው የዝንብ እጮች እሾህ የለበሱ መስለው በመታየታቸው የወጣ ስም ነው። ዓይን መጀመሪያ የሚነሣው ከአንድ ወጥ ስፍራ ሲሆን፣ ያን ስፍራ ለሁለት የሚከፍለው ከመሃል የሚላከው ይኸው መልእክት ስለሆነ፣ በዚያች አጭር ጊዜ ከተቋረጠ ዓይኑ አንድ እንደሆነ ይቀራል፤ የፊተኛው አንጎልም ለሁለት ሳይለይ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት የእርስዎን የመሰሉ ግልገሎች እየበዙ አርቢዎችን ሲያስጨንቁ፣ ተመራማሪዎች ከብዙ ልፋት በኋላ ምክንያቱን ያገኙት በጎቹ በእርግዝናቸው 14ኛ ቀን ገደማ በሚበሉት አንድ የዱር ተክል ውስጥ ነበር። መርዙ ሳይክሎፓሚን ተባለ፤ መልእክቱን ወደ ሴሉ ውስጥ የሚያስተላልፈውን ስሙዘንድ የተባለ ፕሮቲን ዝም ያሰኛል። ተክሉ የሰሜን አሜሪካ በቀል ስለሆነ የእርስዎ በግ በልታዋለች ማለቴ አይደለም፤ የዘረመል እክልም ይህንኑ ያስከትላል።

ካንሰሩ የዚህ ተቃራኒ ነው። ካደግን በኋላ ይህ መልእክት በአብዛኛው ጸጥ ማለት ይኖርበታል፤ ስሙዘንድንም ፓች1 የተባለ ፕሮቲን እንደ ፍሬን ይዞ ያቆየዋል። የፍሬኑ ዘረመል ሲበላሽ ሴሉ ያልተላከለትን ትእዛዝ የተቀበለ ያህል መባዛቱን ይቀጥላል፤ ቤዛል ሴል የተባለው የቆዳ ካንሰር፣ እንዲሁም በሕፃናት አንጎል ላይ ከሚወጣው ሜዱሎብላስቶማ ከፊሉ የሚመጡት በዚህ መንገድ ነው። እኔን ዘወትር የሚደንቀኝ እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የተፈቀደው ቪስሞደጊብ የተባለ የቆዳ ካንሰር መድኃኒት እንደዚያ መርዝ ስሙዘንድን ዝም በማሰኘት ማከሙ ነው፤ ስለዚህም ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይሰጥም።

እህትዎን ግን አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ በጎች ሲወልዱ አይርዱ፤ የእንግዴ ልጅም ሆነ የሞተ ግልገል አይንኩ፤ ብሩሴሎሲስን የመሰሉ ጽንስ የሚያስወርዱ በሽታዎች በዚያ ሊተላለፉ ይችላሉና።